ኤስቲ ኤክስ ኮይልኦቨር በጎልፍ 5 እና 6፦ ግምገማና በቤት የመግጠሚያ መንገድ

የቮልስዋገን ጎልፍ 5ን ወይም ጎልፍ 6ን ዝቅ ማድረግ ለሚፈልግና መኪናውን በየቀኑ ለሥራ ለሚነዳ ሰው ኤስቲ ኤክስ የሚባለውን ኮይልኦቨር (ቁመቱ የሚስተካከል የሾክና የሞላ ስብስብ) ያለማመንታት እንመክራለን። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፤ ከፋብሪካው ቁመት ዝቅ የሚለው ከ3.5 እስከ 4 ሳንቲሜትር ብቻ ከሆነ ነው። ከዚያ ባለፈ ቁጥር ጠባዩ ይለወጣል። ሾኩ የሚንቀሳቀስበት ርቀት ያጥራል፣ መኪናው ስቶፐር ጎሚኒው (ሾኩ ሲጨመቅ መጨረሻ ላይ የሚያቆመው) ላይ መቀመጥ ይጀምራል፣ አስፋልት ላይ ያለች ትንሽ ስንጥቅ እስከ ወንበሩ ድረስ ትሰማለች። ኤስቲ በጣም ይደርቃል ብለው ከሚያማርሩት መካከል ብዙዎቹ ቁመቱን የሚወስነውን ማስተካከያ ቀለበት እስከ መጨረሻው ያወረዱ ናቸው።

ኤስቲ ሳስፔንሽንስ በ1995 የተመሠረተው የጀርመኑ የኬደብሊው አውቶሞቲቭ ሁለተኛ ስም ነው። ኤስቲ ኤክስ ከኬደብሊው ቪ1 ጋር በአሠራር በጣም ይቀራረባል። ሁለቱም የሚስተካከሉት በቁመት ብቻ ነው፤ የሾኩ ጥንካሬ በፋብሪካ ተወስኖ ይመጣል። ትልቁ ልዩነት የሾኩ አካል የተሠራበት ብረት ነው። ቪ1 የማይዝግ ብረት ሲሆን ኤስቲ ኤክስ በዚንክ የተለበጠ ተራ ብረት ነው። የዋጋውም ልዩነት በአብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ክረምቱን በሙሉ ጨው በሚነሰነስበት አገር ለሚነዳና መኪናውን ለረጅም ዓመታት ሊይዝ ላሰበ ሰው ቪ1 ተጨማሪው ገንዘብ ይገባዋል። ሌላው ሰው በኤስቲ ኤክስ ምንም አይጎድልበትም። የሾኩን ጥንካሬ ራሱ ማስተካከል የሚፈልግ ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ወደ ኤስቲ ኤክስኤ ወይም ወደ ኬደብሊው ቪ2 ይሂድ።

ከማዘዝ በፊት አራት ነገር መጣራት አለበት። የመጀመሪያው የፊት ሾክ ውፍረት ነው። በዚህ የቮልስዋገን ቤተሰብ ውስጥ ሾኩ ሀቡ (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) ውስጥ የሚገባበት የታችኛው ጫፍ 50 ሚሊሜትር ወይም 55 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። ጎማውን ፈታችሁ በካሊፐር ለኩት፤ ሻጩ በመኪናው ዓመት ብቻ ሲነግራችሁ አትመኑ። ሁለተኛው የፊት አክስል ጭነት ልክ ነው። ዕቃው የሚሸጠው በክብደት ተለይቶ ነው፤ ከባድ ዲዝል ሞተር ላለው መኪና የሚሆነው ሞላ ለ1.4 ቤንዚን አይሆንም። በጀርመን የመኪና ሊብሬ ላይ ቁጥሩ 8.1 በሚለው ቦታ ተጽፏል። ሦስተኛው፣ መኪናው ዲሲሲ የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚስተካከል ሾክ ካለው፣ ተራ ኮይልኦቨር ሲገጠም ዳሽቦርዱ ላይ የብልሽት መብራት ይበራል፤ ለዚህ ማጥፊያ ሞጁል ለብቻው ይገዛል። አራተኛው ዜኖን መብራት ነው፤ እሱን ከታች እናየዋለን።

ካርቶኑ ውስጥ የማይገኙና አብረው መገዛት ያለባቸው ዕቃዎች አሉ። በቤት ከሚሠራ ሥራ ግማሹ የሚበላሸው እነዚህን በመቆጠብ ነው። የፊት ሾክ የላይኛው ጎሚኒና ኩሽኔታ ለሁለቱም ጎን አዲስ ይሁን። መኪናው 100 ሺህ ኪሎሜትር ካለፈ የድሮው ጎሚኒ ተጨፍልቋል፤ አዲስ ሾክ ላይ ሲታሰር መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ያንኳኳል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን ኮይልኦቨሩ ላይ ያደርገዋል። ከዚያ ቡሎኖቹ ናቸው። ቮልስዋገን እዚህ ቦታ ላይ የሚጠቀመው ሲጠብቅ የሚሳብ ቡሎን ነው፤ አንዴ ከጠበቀ በኋላ ተመልሶ አይታሰርም። ሀቡን የሚያጣብቁት ሁለቱ ቡሎኖች ከነዳዶአቸው፣ የሾኩ የላይኛው ጎሚኒ ስድስት ቡሎኖች፣ የኋላ ሾክ የላይኛው አራት ቡሎኖች፣ የኋላው ብራቾ (ሀቡን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ክንድ) የውጭ ቡሎኖችና የስታቢላይዘር (መጋደልን የሚቀንሰው ዘንግ) ሊንክ ዳዶዎች በሙሉ አዲስ ይሁኑ።

ከመሣሪያ በኩል 13፣ 16፣ 18 እና 21 ቡሶላ፣ ባለ አሥራ ሁለት ጥርስ ቢት ኤም6 እና ኤም14፣ 7 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ፣ እስከ 200 ኒውተን ሜትር የሚደርስ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያ ጉልበት የሚለካ)፣ የዲግሪ መለኪያ፣ የሞላ መጭመቂያ፣ የሀብ መክፈቻ ቢት፣ ሁለት ካቫሌቶ (የተነሳውን መኪና የሚደግፍ ማቆሚያ) እና ሁለት ክሪክ ያስፈልጋል። የሀብ መክፈቻው ቢት ርካሽ ነው፤ ግን ምትክ የለውም። በካቻቢቴና በመዶሻ ሀቡን ሊከፍቱ የሚሞክሩ ሰዎች ብረቱን ይሰነጥቁታል፣ እሱ ሲሰነጠቅ ደግሞ የሚቀየረው ሙሉ ሀቡ ነው። ዝገት ፈቺ ስፕሬዩን ከአንድ ቀን በፊት ማታውኑ ንፉበት።

ምንም ከመፈታቱ በፊት መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው (የጎማው መከለያ) ጠርዝ ያለው ርቀት በአራቱም በኩል ተለክቶ ይጻፍ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ ንፋስና የጎማ ዕድሜ ቁጥሩን ያዛቡታል።

ከፊት ስንጀምር መጀመሪያ የሚነሳው ጎማው ሳይሆን የዝናብ መጥረጊያው ነው። የሾኩ የላይኛው ሦስት ቡሎኖች በመስታወቱ ሥር ባለው ፕላስቲክ ተሸፍነዋል። የመጥረጊያው ክንድ ዘንጉ ላይ ስለሚነክስ በትንሽ መንቀያ ይውጣ፤ በእጅ እየወዘወዙ ማውጣት መስታወት ያስሰነጥቃል። ከዚያ መኪናው ተነስቶ ካቫሌቶ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ የተያዘ መኪና ሥር ማንም እጁንም ቢሆን አያስገባ። ጎማው ይወጣል፤ የስታቢላይዘር ሊንኩ ከሾኩ ይፈታል፤ ዳዶው ሲዞር ዘንጉም አብሮ እንዳይዞር በኤም6 ይያዛል። የኤቢኤስ ሽቦውና የፍሬን ቱቦው ከመያዣቸው ይላቀቁ። የፊት ግራ ብራቾ ላይ የዜኖን ሴንሰር ካለ የእሱም ሊንክ ይፈታ።

ሀቡ ወደ ታች እንዲወርድ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የሰሚያሱን (ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ) የመሐል ቡሎን መፍታት ነው። ሌላው የታችኛውን ቦልጆይንት ከብራቾው ጋር ያያያዙትን ሦስት ዳዶዎች ፈትቶ ሀቡን ማላቀቅ ነው። በቤት ለሚሠራ ሰው ሁለተኛው ይሻላል፤ የሰሚያሱ ቡሎን በከፍተኛ ጉልበት ስለሚጠብቅ ለፈቺውም ለአሳሪውም ከባድ ነው። የሦስቱ ዳዶዎች ቶርክ ብራቾው የላሜራ ወይስ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት መሆኑን አይቶ ስለሚለያይ በሻሲ ቁጥሩ ይፈለግ። ሀቡ ሲላቀቅ ወደ ውጭ በጣም እንዳይሳብ በሽቦ ወይም በገመድ ይታሰር። የውስጠኛው የሰሚያስ መጋጠሚያ ሲሳብ ከቤቱ ይወጣል፤ ከወጣ ጎሚኒው ተከፍቶ፣ ቅባቱ ተጠርጎ እንደገና መሠራት አለበት። የፍሬን ቱቦውም ክብደት አይሸከምም።

ሀቡን የሚያጣብቀው ቡሎን በኤም14 ቢትና በ18 ቁልፍ ይወጣል። የመክፈቻው ቢት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ሩብ ዙር ሲዞር ሀቡ ይከፈታል፤ ከዚያ ሀቡን ወደ ታች እየገፉ ሾኩን ማውጣት ነው። ካልወጣ ስንጥቁ ውስጥ ዝገት ፈቺ ንፉና ሀቡን ከላይ በጎማ መዶሻ ምቱ፤ የሾኩን አካል አትምቱ። የላይኛው ሦስት ቡሎኖች መጨረሻ ላይ ይፈቱ፤ ሌላ ሰው ከታች ሾኩን ይያዝ።

የድሮውን ሾክ ለመበታተን ሞላው በመጭመቂያ መያዝ አለበት። የተጨመቀ የፋብሪካ ሞላ ሰው የመግደል ጉልበት አለው። ሁለቱም መጭመቂያ በትክክል ተቃራኒ ጎን ይሁኑ፤ ሞላው ከላይኛው ሳህን ላይ ሲላላ በዓይን ሳይታይ ዳዶው አይነካ። የላይኛው ጎሚኒ አዲስ ከተገዛ ግን የድሮውን መበታተን ጭራሽ ላያስፈልግ ይችላል፤ የላይኛውን የሞላ ሳህን ብቻ ለብቻው ገዝቶ አሮጌውን ሙሉውን ማስቀመጥ ይቻላል። ይህን መንገድ አብዝተን እንወደዋለን። መኪናው ሲሸጥ ወደ ፋብሪካው ቁመት መመለስም ቀላል ይሆናል።

አዲሱ ሾክ ላይ ሞላው አጭር ስለሆነ ያለ መጭመቂያ ወይም በጥቂት ጉልበት ይገባል። ቅደም ተከተሉን የሚያሳይ ሥዕል አብሮ ይመጣል፤ ስቶፐር ጎሚኒና አቧራ መከላከያው እንዳይረሱ። የላይኛው ዳዶ 60 ኒውተን ሜትር ነው፤ ዘንጉን በአለን ቁልፍ ይዞ በእጅ ይጠበቅ። በንፋስ ወይም በባትሪ ጠመንጃ የሚጠበቅ ከሆነ ዘንጉ በፍጥነት ይሽከረከርና የሾኩን የውስጥ ማኅተም ያቃጥለዋል። ከወራት በኋላ ዘይት ማንጠባጠብ የጀመረ አዲስ ሾክ ከታየ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሲታሰር የላይኛው ሦስት ቡሎኖች 15 ኒውተን ሜትር ከዚያም ተጨማሪ 90 ዲግሪ ማዞር፣ የሀቡ ማጣበቂያ 70 ኒውተን ሜትር ከዚያም 90 ዲግሪ፣ የስታቢላይዘር ሊንኩ 65 ኒውተን ሜትር ነው። ሾኩ ሀቡ ውስጥ እስከ መጨረሻ መግባቱና ጀርባው ላይ ያለው ምላስ ከስንጥቁ ጋር መግጠሙ ይረጋገጥ። ግማሽ የገባ ሾክ ቁመቱን ያዛባል፤ መያዣውም ይላላል።

ከኋላ ሥራው ቀላል ነው፤ ሞላውና ሾኩ የተለያዩ ናቸው። በሞላው ሥር ያለው ሰፊ ብራቾ በክሪክ ተደግፎ የሾኩ የታችኛው ቡሎንና የብራቾው የውጭ ቡሎን ይፈታሉ፤ ክሪኩ ቀስ እያለ ሲወርድ ሞላው ተላልቶ በእጅ ይወጣል። ክሪኩ የተቀመጠበት ቦታ የማይንሸራተት መሆኑን ሁለቴ እዩ። የዜኖን ሴንሰር ከኋላም ስላለ ሊንኩ ይፈታ፤ ፕላስቲኩ ቀጭን ነው፤ ተረስቶ ብራቾው ሲወርድ ይሰበራል። አዲሱ ሞላ ከማስተካከያ ቀለበቱ ጋር ሲገባ ከላይና ከታች ያለው ጎሚኒ በቦታው ይሁን። የሾኩ የላይኛው ቡሎኖች 50 ኒውተን ሜትር ከዚያም 45 ዲግሪ፣ የብራቾው የውጭ ቡሎን 90 ኒውተን ሜትር ከዚያም 90 ዲግሪ፣ የሾኩ የታችኛው ቡሎን 180 ኒውተን ሜትር ነው።

ግን ቆም እንበል። እነዚህ የመጨረሻ ቁጥሮች መኪናው አየር ላይ እንዳለ አይተገበሩም፤ በቤት ከሚሠሩ ስህተቶች ሁሉ በብዛት የሚታየውና በኋላ ምክንያቱ የሚጠፋው ይህ ነው። የብራቾ ቦኮላ (መጋጠሚያው ውስጥ ያለው ጎሚኒ) ላስቲኩ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ መሐሉ ይያዛል፤ ከዚያ በኋላ ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ ላስቲኩ ይጠመዘዛል እንጂ አይሽከረከርም። የመኪናው ጎማ ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ቦኮላው ገና ሳይነዳ ተጠምዝዞ ይውላል። ውጤቱ ሦስት ነው፦ መኪናው ከተፈለገው በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ አነዳዱ ይደርቃል፣ ቦኮላውም በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። መፍትሔው ቡሎኖቹን በእጅ ብቻ አስይዞ፣ ሀቡን በክሪክ እያነሱ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ያለው ርቀት የሚፈለገው አዲስ ቁመት ላይ ሲደርስ ያኔ በቶርክ ማጥበቅ ነው። መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ልኬት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ለምሳሌ 380 ሚሊሜትር የነበረ በ35 ሚሊሜትር የሚቀንስ ከሆነ 345 ላይ ይጠበቃል። ክሪኩ መኪናውን ከካቫሌቶው ላይ ማንሳት ከጀመረ ሥራው ጎማው በሚቆምበት መወጣጫ ላይ ይጨረስ።

ቁመቱን ስታስተካክሉ የፊቱና የኋላው ቀለበት እኩል አይሠሩም። የፊቱ ሞላ በሾኩ ዙሪያ ስለሆነ ቀለበቱ 10 ሚሊሜትር ሲወርድ መኪናውም ወደ 10 ሚሊሜትር ይወርዳል። የኋላው ሞላ ግን ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ብራቾው መሐል ስለተቀመጠ፣ ቀለበቱ 10 ሲወርድ መኪናው በግልጽ ከ10 በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ከኋላ በትንሽ በትንሹ ይሠራ። ቀለበቱ የመኪናው ክብደት እያለበት በጭራሽ አይዞርም፤ ከፕላስቲክ ውሁድ የተሠራ ስለሆነ ጥርሱ ይበላል። መኪናው ይነሳ፣ ሞላው ይላላ፣ ጥርሱ በብሩሽ ይጠረግ፣ ከዚያ ይዙር። የጎን መቆለፊያዋ ትንሽ አለን ቡሎንም በስሱ ብቻ ትጥበቅ። ከዕቃው ጋር የሚመጣው ሰርተፊኬት ከሚፈቅደው ዝቅተኛ ቁመት በታች አትውረዱ፤ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ከሳህኑ መላቀቅ የለበትም።

ሥራው አልቆ መኪናው ሲያንኳኳ የት እንደሚፈለግ እነሆ። ቆሞ መሪ ሲዞር የሚሰማ የሞላ ድምፅ ከላይኛው ኩሽኔታ ወይም ጫፉ ሳህኑ ላይ በትክክል ካልተቀመጠ ሞላ ነው። በትንንሽ ጉድጓድ ላይ የሚሰማ ማንኳኳት ካልጠበቀ የስታቢላይዘር ሊንክ ወይም የላይኛው ዳዶ ነው። በጣም ዝቅ ባለ ጎልፍ ላይ መታጠፊያ ውስጥ የሚሰማ የብረት ድምፅ ደግሞ ስታቢላይዘሩ ሰሚያሱን ሲነካ ነው፤ አጭር ሊንክ ያቃልለዋል፤ ትክክለኛው መፍትሔ ግን መኪናውን አንድ ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ ነው።

ሞላው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎሜትሮች ትንሽ ተረግጦ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ቁመቱ ተለክቶ፣ ቡሎኖቹ ታይተው ዊል አላይመንት ይሠራ። የኋላው ካምበርም (የጎማው ወደ ጎን መጋደል) ቶውም (የጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) በኤክሰንትሪክ ቡሎን ይስተካከላል፤ የፊቱ ካምበር ግን የሞተሩን ማቀፊያ ብረት በማንሸራተት ጥቂት ብቻ ነው የሚለወጠው። ጎማ ከውስጥ በኩል የሚበላው መኪናው ስለወረደ ብቻ አይደለም፤ በብዛት የሚበላው ቶው ስለተዛባ ነው፤ ስለዚህ አላይመንት የሚሠራው ሰው ኋላውንም መንካቱን ጠይቁ። ዜኖን ያለው መኪና በቪሲዲኤስ (የቮልስዋገን መመርመሪያ ፕሮግራም) ወይም በተመሳሳይ ኮምፒውተር የመብራቱ ዜሮ ነጥብ እንደገና ይሰጠው፤ አለበለዚያ መብራቱ የተሳሳተ ቁመት ይዞ ከፊት የሚመጣውን ሰው ያሳውራል ወይም መንገዱን አያሳይም።

ጀርመን ለምትኖሩ፦ ከዕቃው ጋር ታይለጉታህተን የሚባል የዕቃ ማረጋገጫ ሰነድ ካለ ሳትዘገዩ ቲዩፍ ወይም ዴክራ የሚባሉት የመኪና ምርመራ ድርጅቶች ዘንድ ሄዳችሁ ለውጡን አስመርምሩ፤ የአላይመንቱን ወረቀትም ያዙ። መርማሪው የቀለበቱን ልኬት ከሰነዱ ጋር ያመሳክራል፣ ጎማው ሲጠመዘዝና ሲጨመቅ ፓራፋንጎውን መንካት አለመንካቱን ያያል። ቸርኬው የፋብሪካ ካልሆነ ሰነዱ ከዚያ ቸርኬ ጋር እንደሚሠራ አስቀድማችሁ አንብቡ። ሳይመረመር የሚነዳ መኪና የመንገድ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል፤ አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንስ ጋር ረጅም ጭቅጭቅ ነው።

አነዳዱን በተመለከተ፣ በ3.5 ሳንቲሜትር ላይ ኤስቲ ኤክስ ከፋብሪካው ሳስፔንሽን ጠንከር ይላል፤ ግን ይዘላል የሚባል አይደለም። አውቶባን ላይ መኪናው ይረጋጋል፣ መታጠፊያ ላይ መጋደሉ በግልጽ ይቀንሳል። ደካማ ጎኑ ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ነው፤ ባለ 18 ኢንች ቸርኬና ቀጭን ጎማ ከተጨመረ እጅን ያንቀጠቅጣል። ባለ 17 ኢንች የተሻለ ጓደኛው ነው። ክረምት ከማለቁ ጋር የቀለበቱ ጥርስ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ፤ ቀለበቱ በዓመት አንድ ጊዜ ቢያንስ ይንቀሳቀስ። ወፍራም ግሪስ አትቀቡት፤ አሸዋውን ይዞ ጥርሱን ይሞርደዋል።

ርካሽ አማራጭ ለሚያስቡ፣ የፋብሪካን ሞላ በግራይንደር ቆርጦ ማሳጠር በምንም ሒሳብ አይታሰብ፤ የተቆረጠ ሞላ ጉድጓድ ላይ ከቦታው ይወጣል። በደንብ የተሠራ ዝቅ ማድረጊያ ሞላ ብቻ መግዛት ግን የሾኩ ዕድሜ ገና ከሆነና ቁመቱን ደጋግሞ መቀየር ካልተፈለገ ተገቢ ምርጫ ነው። ለአዲስ አበባ ይህን ሥራ አንመክርም፤ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታውና የተቆፈረው መንገድ መኪናውን ከሥሩ ይፍቀዋል። በተለይ ከቻይና የገቡት የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪኖች አይዲ4 እና አይዲ6 ባትሪያቸው ወለሉ ሥር ስለሆነ ዝቅ መደረግ የለባቸውም።